«ዝም በዪ፤ ወንድምሽ ነው»

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ አንድ የማኅበር አባል ወይም የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋይ «አንዲትን እኅት ደፈረ» ተብሎ ሲከሰስ ምን እናድርግ? እኛ ዘንድ ሁለት መልስ ይሰማል። አንዱ «የቤታችን ገመና አደባባይ አይውጣ፣ በሽማግሌ ይያዝ» ይላል። ሌላው ወሬው ስልኩ ላይ እንደደረሰ ስምና ፎቶ ለጥፎ ፍርዱን ይጨርሳል። ሁለቱንም በመጽሐፍ ፊት እናቁማቸው።

2ኛ ሳሙኤል 13ን ክፈቱ። የንጉሥ ዳዊት ልጅ አምኖን የታመመ መስሎ ተኛና የአባቱን ልጅ፣ እኅቱን ትዕማርን አስጠራ። እንጎቻ ጋገረችለት። በግድ አዋረዳት። ከዚያ ጠላትና ከቤት አስወጥቶ በሩን አስዘጋባት። ትዕማር ግን አልደበቀችም። በራሷ ላይ አመድ ነስንሳ፣ ልብሷን ቀድዳ፣ እየጮኸች ሄደች። ዝም ያሰኛት ሌላ ሰው ነው። ያውም የሚወዳት የእናቷ ልጅ አቤሴሎም። «ዝም በዪ፤ ወንድምሽ ነው» አላት።

ይህ ቃል በእኛም አገር፣ ከመንዝ እስከ ምንጃር፣ እንግዳ አይደለም። «የአጎትሽ ልጅ እኮ ነው» ይባላል። «ዲያቆን ነው፣ ስሙን አታጥፊ» ይባላል። የሚለው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ክፉ አይደለም፤ እናት ናት፣ አክስት ናት፣ የንስሐ አባት ናቸው።

ንጉሥ ዳዊትም ሰማ፤ እጅግ ተቆጣ። ከተቆጣ በኋላ ያደረገው ነገር ግን አልተጻፈም። ሁለት ዓመት አለፈ፣ ነገሩ የበረደ መሰለ። ከዚያ በበግ ሸለታ ግብዣ ላይ አቤሴሎም አምኖንን አስገደለው። (የበግ ጠጉር ባና ለብሶ ያደገ የመንዝ ሰው ሸለታ ምን እንደሆነ ያውቃል።) ትዕማርም በወንድሟ ቤት ብቻዋን ቀረች። «ለሰላም ሲባል ይዳፈን» የተባለው ነገር ያመጣው ሰላም ይኸው ነው።

«ታዲያ ዮሴፍስ? ሶስናስ? በሐሰት ተከሰው የለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ተከሰዋል። ግን ማን ነው የከሰሳቸው? ዮሴፍ ባሪያ ነው፤ «ሊደፍረኝ መጣ» ብላ የከሰሰችው የጌታው የጲጥፋራ ሚስት ናት። ጲጥፋራም ሳይመረምር እስር ቤት ጣለው። በሰማንያ አሐዱ መጽሐፍ ቅዱሳችን የምናገኛት ሶስናን ደግሞ «በአትክልት ቦታ ከወጣት ጋር አመነዘረች» ብለው የከሰሷት ሁለት ሽማግሌዎች፣ ያውም ፈራጆች ናቸው። አስቀድመው «እሺ በይን፤ አለዚያ እንመሰክርብሻለን» ያሏትም ራሳቸው ናቸው። ጉባኤው ያመናቸው ስለ ማዕረጋቸው ነው። እንግዲህ ሶስና የተከሰሰች ብቻ ሳትሆን የተበደለች ናት። በእሷ ታሪክ እያሳበበ «ሴት ውሸታም ናት» የሚል ሰው ሳያውቀው ከሽማግሌዎቹ ጎን ተሰልፏል። በሁለቱም ታሪክ ባለ ሥልጣኑ ታመነ፣ ደካማው ሳይጠየቅ ተፈረደበት። ሶስናን ያዳናት ነቢዩ ዳንኤል ምን አደረገ? ሁለቱን ሽማግሌዎች ለያይቶ «በየትኛው ዛፍ ሥር አየሃቸው?» አለ። አንዱ አንድ ዛፍ ጠራ፣ ሌላው ሌላ፤ ሐሰታቸውም ተገለጠ።

ያ ምርመራ ነው። እኛ ደግሞ መርማሪዎች አይደለንም። ድሮ አገሬው ሜዳ ተሰብስቦ ወንጀለኛው እስኪወጣ አውጫጭኝ ይቀመጥ ነበር። የቴሌግራሙ አውጫጭኝ ከዚያ ይብሳል፤ የሚፈርደው ማን እንደሆነ እንኳ አይታወቅም።

ሌላው ተደጋግሞ የሚጠቀስ ቃል «ሁለት ወይም ሦስት ምስክር» ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ «ሁለት ወይም ሦስት ምስክር ከሌለ በሽማግሌ ላይ ክስ አትቀበል» ብሎ መጻፉ እውነት ነው። ግን ቀጥሎ ኃጢአት የሠሩትን በሁሉ ፊት ገሥጽ፣ በአድልዎም ምንም አታድርግ ይላል። ኦሪትም በሜዳ ስለተደፈረችው እጮኛ «ጮኸች፤ የሚያድናት ግን አልነበረም» ብላ ነጻ ታወጣታለች እንጂ ምስክር አምጪ አትላትም (ዘዳ. 22)። በተዘጋ በር ውስጥ ሦስት ምስክር ከየት ይመጣል?

እንግዲህ ልጅቷ ስትመጣ መጀመሪያ ስሟት። «ምን ለብሰሽ ነበር? ለምን ብቻሽን ሄድሽ?» አትበሏት። ነገሩ የቅርብ ከሆነ ሰውነቷን ሳትታጠብ፣ የምታምናት እኅት አብራት ሆና በዚያው ቀን ሆስፒታል ትሂድ። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። የለበሰችው ልብስ አይታጠብ፤ በፌስታል ሳይሆን በወረቀት ይጠቅለል። ከዚያ ፖሊስ ነው። ልጅቷ አካለ መጠን ያልደረሰች ከሆነች ደግሞ «ቤተሰብ ይምከርበት» ብሎ ማቆየት ፈጽሞ አይገባም።

«ያግባትና ነገሩ ይለቅ» የሚሉ አባቶች አሁንም አሉ። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ይህን በር ከፍቶ ነበር፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ዘግቶታል። ዛሬ አስገድዶ መድፈር ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ተበዳይዋ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች ቅጣቱ ከ13 እስከ 25 ዓመት ነው። ሽማግሌ ሊያስታርቅበት የሚችል ጉዳይ አይደለም።

የተከሰሰውንስ? ስሙን አትለጥፉ፣ ቤቱ ሄዳችሁ አትሳደቡ። ነገሩ እስኪጣራ ግን ከአገልግሎት ይረፍ። ሕፃናት አያስተምር፣ የአዳራሽ ቁልፍ አይያዝ፣ ደብረ ሊባኖስ አዳር ጉዞ ሲኖር አስተባባሪ አይሁን። ይህ ፍርድ አይደለም፤ ንጹሕ ከሆነ ይመለሳል። ጥፋቱን አምኖ ንስሐ ቢገባ እሰየው፤ ንስሐው ግን የፖሊስን መዝገብ አይዘጋም። ቀራጩ ዘኬዎስም የበደለውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ እንጂ «ንስሐ ገብቻለሁና ተዉኝ» አላለም። እሷንም «ይቅር በዪው» ብላችሁ አታስጨንቋት። ይቅርታው የእሷ ነው፤ ጊዜውን የምትመርጠው እሷ ናት።

አንድ ነገር ግን ችግር ሳይመጣ ከወዲሁ ይደረግ። እያንዳንዱ ማኅበር ምሥጢር የሚጠብቁ፣ ከአመራሩ ጋር ዝምድና የሌላቸው ሁለት እናቶች ይምረጥ። ስማቸውና ስልካቸው ለሴት ልጆች ሁሉ ይነገር፤ ሰበካ ጉባኤውም ይወቃቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።