የባሕር ዳር የነጋዴ ቤት፦ አሠራሩና የሚጎዳው

ባሕር ዳር ከተማ ከመሆኗ በፊት የጊዮርጊስ ደብር መንደር ነበረች። በደብሩ ቅጥር ግቢ የሚታየው የድንጋይና የኖራ ግንብ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በስፔናዊው የኢየሱሳውያን ሚስዮናዊ በፔድሮ ፓኤዝ እንደተሠራ ይነገርለታል፤ የነጋዴው ቤት ግን ከግንቡ ሳይሆን ከገጠሩ ሰቀላ የወጣ ነው። የጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) አልፎ፣ በ1950ዎቹ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውና ፖሊ ቴክኒኩ ተከፍተው ከተማዋ ስትሰፋ፣ ፊቱን ወደ መንገድ ያዞረ ባለ ቆርቆሮ የጭቃ ቤት ተለመደ።

አከፋፈሉ ንግዱን የተከተለ ነው። ከፊት በረንዳና ባለ ሁለት ተካፋች የሳንቃ በር ያለው ሱቅ፣ ከኋላው መኖሪያው፣ ጓሮ ማድ ቤትና መጋዘን። በደንገል ታንኳ ከዘጌ የሚመጣው ቡና ግድግዳ ተደግፎ አይቀመጥም፤ ጆንያው ከግድግዳው ክንድ ያህል ርቆ በእንጨት ርብራብ ላይ ይደረደራል። አለዚያ ክረምት ላይ ይሻግታል። ኮርኒሱ አቡጀዲ ነው።

ቋሚው ጥድ ወይም ወይራ ቢሆን ይመረጣል፤ አብዛኛው ግን ባሕር ዛፍ ስለሆነ ምስጥ እንዳይበላው ሥሩ በእሳት ይለበለባል ወይም የተቃጠለ ዘይት ይቀባል። ማገሩ በውስጥም በውጭም ይመታል። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ፣ በየቀኑ ውሃ እየጠጣና እየተረገጠ ሳምንት ያህል ይብላላል። ያልተብላላ ወይም ጭድ ያነሰው ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ምርጊቱ በደንብ ሳይደርቅ ልስን ከተደረበበት ደግሞ ልስኑ ተላቅቆ ይወድቃል። የመጨረሻው ልስን እበትና ደቃቅ አሸዋ የገባበት ስስ ጭቃ ነው፤ ኖራ የሚቀባው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ሁሉ የበጋ ሥራ ነው።

ቤቱን የሚጥለው ጭቃነቱ ሳይሆን ውሃ ነው። የቆርቆሮው ጫፍ ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ያህል ካልወጣ ጠፈጠፉ መሬት ነጥሮ የግድግዳውን ሥር ይበላል፤ የድንጋይ መሠረቱ እስከ ጉልበት ከፍ የሚለውም ለዚሁ ነው። ከሁሉ የከፋው፣ ያምራል ተብሎ በጭቃው ላይ የሚለጠፈው ሲሚንቶ ነው። ሲሚንቶ ከጭቃ ጋር አይዋሃድም፤ በስንጥቁ የገባው ዝናብ መውጫ አጥቶ ቋሚውን ያበሰብሳል። በጣት ሲንኳኳ ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ግድግዳ ውስጡ ለቋል ማለት ነው። መድኃኒቱ ሲሚንቶውን ማራገፍ፣ ጣሪያውን በባላ ደግፎ የበሰበሱትን ቋሚዎች አንድ በአንድ መለወጥና እንደገና መመረግ ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቋሚዎች በአንድ ጊዜ ከተነቀሉ ጣሪያው ይጎብጣል፤ በኋላ ለማቃናትም አስቸጋሪ ነው።