የአዲስ አበባ ዳርቻ እንደ ዳታ ማዕከል መቀመጫ

ዳታ ማዕከል ብዙ ሰርቨሮች፣ ማለትም መረጃ የሚያከማቹና የሚያቀናብሩ ኮምፒውተሮች፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ሌት ተቀን ሳይጠፉ የሚሠሩበት ሕንፃ ነው። በባንክ የተላለፈ ገንዘብ፣ በስልክ የተከፈለ ሒሳብ፣ የሆስፒታል መዝገብ መጨረሻው እንዲህ ያለ ክፍል ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ የሥራው ዋና መንደር በምሥራቅ በኩል፣ ከጎሮ አለፍ ብሎ ቦሌ ለሚ አካባቢ የሚገኘው የአይሲቲ ፓርክ ሆኗል፤ ራክሲዮና ዊንጉ አፍሪካ የተባሉ የዳታ ማዕከል ኩባንያዎች ማዕከሎቻቸውን የገነቡት እዚያ ነው። ኢትዮጵያ ከ120 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት አገር ብትሆንም በዚህ ገበያ ገና ትንሽ ናት። አየርላንድንና ሲንጋፖርን የመሰሉ ትንንሽ አገሮች ያለፉበት መንገድ ለእርሷም ብዙ ያስተምራል።

የአካባቢው ቀዳሚ ሀብት ብርዱ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ የዓመቱ አማካይ ሙቀት ወደ 16 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ሰርቨሮች የሚስቡት አየር ከ18 እስከ 27 ዲግሪ እንዲሆን ይመከራል። እዚህ የመጋቢት ቀትር እንኳ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ጣሪያ አያልፍም። ስለዚህ በዓመቱ አብዛኛው ሰዓት ኤሌክትሪክ በብዛት የሚበላውን የማቀዝቀዣውን ኮምፕሬሰር አጥፍቶ የውጭውን አየር በማራገቢያ ብቻ መጠቀም ይቻላል። ወደ ሱሉልታ ሲወጡ ደግሞ ይብሱን ይበርዳል።

ከፍታው ግን ዋጋ ያስከፍላል። አየሩ ስስ ነው፤ ግፊቱ በባሕር ዳር ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ያንኑ ሙቀት ለማውጣት ማራገቢያው የበለጠ አየር መግፋት አለበት። የናፍጣ ጄኔሬተርም ብዙ ጊዜ በሰሌዳው ላይ የተጻፈለትን ኃይል እዚህ አይሰጥም። የከፍተኛ ቮልቴጅ መሣሪያዎች በተለምዶ እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ታስበው ስለሚሠሩ ለአዲስ አበባ ተስተካክለው መታዘዝ ይኖርባቸዋል። በዚህ ላይ የበጋው አቧራ አለ፤ ማጣሪያ ቶሎ ቶሎ መቀየር ግድ ይላል። በምሥራቅና በደቡብ ዳርቻ ያለው መረሬ አፈር ደግሞ በክረምት አብጦ በበጋ ስለሚሰነጠቅ የመሠረቱ ወጪ ከፍ ይላል።

ስለ ኃይል ሲነሣ ሁሉም የሕዳሴውን ግድብ ይጠራል። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። በአይሲቲ ፓርክ ያለው የራክሲዮ ማዕከል ለሰርቨሮቹ የታሰበለት ኃይል 3 ሜጋ ዋት ነው፤ ከግድቡ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ነገር ግን ከከተማዋ በስተ ደቡብ በአቃቂ ወንዝ ላይ ያለው የአባ ሳሙኤል ማመንጫ አቅሙ 6.6 ሜጋ ዋት ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለ አንድ ማዕከል ሞልቶ ቢሠራ ከነማቀዝቀዣው የዚያን ከግማሽ በላይ ይወስዳል። እኔ የምመዝነው በሁለተኛው ነው። ሕንፃው የሚያገኘው ኃይል የሚወሰነው በአካባቢው ማከፋፈያ ጣቢያና ከዚያ በሚወጣው መስመር እንጂ በግድቡ ስፋት አይደለም። ከሕዳሴ የሚነሣው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር ሆለታ ይደርሳል። አስቸጋሪው ከሆለታ ወዲህ ያለው ነው፤ በክረምት ነፋስ ባሕር ዛፍ ሽቦ ላይ ይወድቃል፣ ከአቅሙ በላይ የተጫነ ትራንስፎርመር ይቃጠላል፣ መብራት ይጠፋል።

መብራት ሲጠፋ ሰርቨሮቹ አይሰማቸውም፤ ዩፒኤሱ፣ ማለትም መብራት ሲቋረጥ ወዲያው የሚተካው መሣሪያ፣ ከባትሪ ይመግባቸዋል። ማቀዝቀዣዎቹ ግን ቀጥ ይላሉ፤ በክፍሉ ውስጥ የሰርቨሮቹ ፉጨት ብቻ ይቀራል። ጥቂት ሰከንዶች ቆይቶ ጄኔሬተሩ በግቢው ያጓራል፤ ማቀዝቀዣዎቹም አንድ በአንድ ይመለሳሉ። ተረኛው ባለሙያ ዓይኑን ከሙቀት መለኪያውና ከናፍጣው ጋን አይነቅልም። ናፍጣው በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ በጅቡቲ በኩል የሚገባ ነውና፣ የመብራት መጥፋት በበዛ ቁጥር የርካሹ የውኃ ኃይል ጥቅም እየተሸረሸረ ይሄዳል።

አየርላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2023 ዳታ ማዕከሎች ከአገሪቱ የተለካ ኤሌክትሪክ 21 በመቶውን ተጠቅመዋል፤ ይህ የከተማ ቤቶች በሙሉ ከተጠቀሙት ይበልጣል። ሲንጋፖር እ.ኤ.አ. በ2019 አዳዲስ ግንባታዎችን አግዳ በ2022 ነው እንደገና የፈቀደችው። በእኛ አገር ገና ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ ከዋናው መስመር መብራት አያገኝም። ስለዚህ ማን ለምን እንደሚጠቀም መለየት ያስፈልጋል። ርካሽ ኃይል ፈልጎ የመጣ፣ ቢትኮይን የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ የሚያመርት ማሽን ለሦስት ሰዓት ቢጠፋ የሚጎዳው ባለቤቱን ብቻ ነው። የሆስፒታል መዝገብ ለሦስት ሰዓት ቢጠፋ ግን ሕመምተኛው ይጎዳል። ሁለቱ በአንድ ወረፋ መቆማቸው ትክክል አይመስለኝም።

ውኃን በተመለከተ ነገሩ ግልጽ ነው። አዲስ አበባ የምትጠጣው ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች እንዲሁም ከአቃቂ ጉድጓዶች ነው፤ በብዙ ሠፈሮች ውኃ በፈረቃ እየመጣ በሮቶና በጀሪካን ይጠራቀማል። ውኃ በማትነን የሚያቀዘቅዝ ሥርዓት እዚህ ሊታሰብ አይገባም። አየሩ ራሱ ቀዝቃዛ መሆኑ ከዚህ ጭንቅ ያወጣናል።

አገሪቱ ባሕር የላትም፤ ከዓለም ጋር የሚያገናኛት ፋይበር በጅቡቲ፣ በኬንያና በሱዳን በኩል ይወጣል። በፋይበር ውስጥ ብርሃን 1,000 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 5 ሚሊ ሰከንድ ያህል ስለሚበቃው የጅቡቲ ርቀት አያስጨንቅም። የሚያስጨንቀው መስመሩ ክፍት ሆኖ መቆየቱ ነው። ከሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንታት ገደማ ተቋርጦ ነበር፤ ከውጭ የሚመጣ ደንበኛ ይህን ሳይጠይቅ አያልፍም። በሌላ በኩል የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መውጣቱ እምነት ለመገንባት ረድቷል።

የመሬት መንቀጥቀጥም ከስሌቱ አይወጣም። አዲስ አበባ በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ናት፤ በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ አካባቢ የተነሣው መንቀጥቀጥ የከተማዋን ፎቆች አወዛውዟል። የሰርቨር መደርደሪያዎች ከወለሉ ጋር በብሎን መታሰር አለባቸው።

የሚቀረው የመሬቱና የባለመሬቱ ጉዳይ ነው። ቦሌ ለሚ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ገላን ከቅርብ ጊዜ በፊት የጤፍና የስንዴ ማሳ ነበሩ። የልብስ ስፌት ፋብሪካ በሺዎች ይቀጥራል፤ ዳታ ማዕከል ግን ግንባታው ካለቀ በኋላ የሚፈልገው በአሥሮች የሚቆጠር ሰው ብቻ ነው፦ የኤሌክትሪክና የማቀዝቀዣ ባለሙያዎች፣ የኔትወርክ መሐንዲሶች፣ ጥበቃዎች። ማሳውን ለለቀቀ ገበሬ ልጅ ከእነዚህ የሚደርሰው ጥቂት ነው። ለማዕከሉ ተብሎ የሚሠራው ማከፋፈያ ጣቢያና መስመር ግን ትንሽ ሰፋ ተደርጎ ከታቀደ ለአጎራባቹ ሠፈር፣ ለወፍጮ ቤቱና ለጤና ጣቢያው ይተርፋል። ይህ ውል ሲፈረም በጽሑፍ መስፈር አለበት፤ ጣቢያው ለአንድ ሕንፃ ብቻ ተመጥኖ ከተሠራ በኋላ ማስፋት እንደገና ትራንስፎርመር ማስመጣትና እንደገና የውጭ ምንዛሪ መጠበቅ ነው።