የምትወዳደር ባዝራና የእርባታ እቅዷ

ባዝራ ውርንጭላዋን 11 ወር ገደማ ትሸከማለች። በአማካይ 340 ቀን ነው። ከወለደች በኋላም ውርንጭላው ጡት እስኪጥል ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ወር ታጠባለች። ወደ ውድድር አቋሟ ለመመለስ የሚፈጅባት ጊዜ ሲጨመርበት፣ አንድ ውርንጭላ ማለት ከአንድ የውድድር ዘመን በላይ ከሜዳ መራቅ ነው። ድንጉላ ይህ ችግር የለበትም። ዛሬ ዘሩ ይሰበሰባል፣ ከነገ ወዲያ ይወዳደራል። ባዝራ ያለው ሰው ግን መምረጥ አለበት፤ ምርጫው ደግሞ ቀደም ብሎ ቢደረግ ይሻላል።

ነገሩን የሚያከብደው ወቅት ነው። ባዝራ ዓመቱን ሙሉ ድንጉላ አትፈልግም። የሚቀሰቅሳት የቀኑ መርዘም ነው። በእነዚያ ወራት ዑደቷ በየ21 ቀኑ ይመላለሳል፤ ድንጉላ የምትቀበለውም ከ5 እስከ 7 ቀን ያህል ነው። ብዙ ትልልቅ ውድድሮች ደግሞ የሚደረጉት በእነዚሁ ወራት ነው።

ይህ ግጭት ጎልቶ የሚታየው በአርጀንቲና ፖሎ ነው፤ ፖሎ በፈረስ ላይ ሆነው በረጅም መዶሻ ኳስ የሚመቱበት ጨዋታ ነው። አብዛኞቹ የፖሎ ፈረሶች ባዝሮች ናቸው። ሦስቱ ታላላቅ ውድድሮች ማለትም ቶርቱጋስ፣ ኸርሊንግሃምና ፓሌርሞ ከሴፕቴምበር እስከ ዲሴምበር ባለው ጊዜ ይካሄዳሉ። በደቡብ ንፍቀ ክበብ ቀኑ የሚረዝመውም ያኔ ነው። ስለዚህ ምርጧ ባዝራ ለሜዳውም ለእርባታውም በአንድ ጊዜ ትፈለጋለች።

አርጀንቲናውያን ያገኙት መላ ፅንስ ማዘዋወር ነው። ዛሬ በዚህ ሥራ ከዓለም ቀዳሚዎቹ መካከል ናቸው። ባዝራዋ በተመረጠ ድንጉላ ዘር ትዳቀላለች። እንቁላሏ ከተለቀቀ 7 ወይም 8 ቀን ሲሆነው፣ ሐኪሙ ማሕፀኗን በንጹህ ፈሳሽ አጥቦ ፅንሱን ያወጣል። ፅንሱ ከነጥብ አይበልጥም። ከዚያ በተቀራራቢ ቀን እንቁላሏን የለቀቀች ሌላ ባዝራ ማሕፀን ውስጥ ይገባል። ተሸካሚዋ ታረግዛለች፣ ትወልዳለች፣ ታጠባለች። ውርንጭላው ግን በዘሩ የተወዳዳሪዋ ልጅ ነው። እሷ ብዙም ሳትቆይ ወደ ልምምዷ ትመለሳለች፤ በአንድ ዘመን ከአንድ በላይ ልጅ ልታገኝም ትችላለች። ከዚህም አልፈው የሄዱ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 አርጀንቲናዊው የፖሎ ተጫዋች አዶልፎ ካምቢያሶ የፓሌርሞን የፍጻሜ ጨዋታ ሲያሸንፍ፣ ኳርቴቴራ ከተባለችው ባዝራው በክሎኒንግ (የአንድን እንስሳ ትክክለኛ የዘር ቅጂ በማራባት) የተገኙ 6 ፈረሶችን ተጠቅሟል።

ዘዴው ግን ነፃ አይደለም። ገንዘብ ይጠይቃል፤ የተሸካሚ ባዝሮች መንጋም መቀለብ አለበት። የማሕፀን እጥበቱ ሁሌ ፅንስ አያስገኝም። በሙቀት ከባድ ልምምድ የምትሠራ ባዝራ ደግሞ የምትሰጠው ፅንስ ይቀንሳል። በየዑደቱ ማሕፀኗ የሚታጠብ ባዝራ ዕረፍት ያስፈልጋታል ብዬ አጥብቄ አምናለሁ። «ሥራዋን አላቋረጠችም» ማለት አልደከመችም ማለት አይደለም።

ቶሮብሬድ የተባለው የእሽቅድምድም ፈረስ ዝርያ የሩጫ ዓለም በሌላ ሕግ ነው የሚተዳደረው። እዚያ የሚመዘገበው ከድንጉላ ጋር በቀጥታ በመገናኘት የተፀነሰና በገዛ እናቱ ማሕፀን ያደገ ውርንጭላ ብቻ ነው። ሰው ሠራሽ ማዳቀልም ፅንስ ማዘዋወርም አይፈቀድም። ስለዚህ እዚያ ባዝራ መጀመሪያ ትሮጣለች፣ ጡረታ ስትወጣ ትወልዳለች። አውስትራሊያዊቷ ባዝራ ዊንክስ 33 ውድድር በተከታታይ አሸንፋ እ.ኤ.አ. በ2019 አቆመች። በ2020 የመጀመሪያ ውርንጭላዋ ሞተ። በ2022 የወለደቻት ሴት ውርንጭላ በ2024 በጨረታ በ10 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ተሸጠች። ከዚህ ዋጋ ጀርባ የሞተ ውርንጭላና የዓመታት ጥበቃ አለ።

እርጉዝ ባዝራን ማወዳደርስ? በመጀመሪያዎቹ ወራት ብዙዎች ቀላል ሥራ ያሠሯታል። ዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን ግን እርግዝናዋ 4ኛ ወሩን ካለፈ ወይም ውርንጭላ ካስከተለች እንዳትወዳደር ይከለክላል። ትክክለኛ ገደብ ነው።

ሳታረግዝ የምትወዳደር ባዝራ ድንጉላ በምትፈልግባቸው ቀናት ጠባይዋ ሊለወጥ ይችላል። ለዚህ አልትረኖጀስት የተባለ ሆርሞን ይሰጣታል። ዑደቷን ያቆምላታል፤ መድኃኒቱ ሲቋረጥም ዑደቷ ይመለሳል። ማዳቀል ሲታሰብ የሚቋረጥበት ቀን ከሐኪም ጋር ተቆጥሮ መያዝ አለበት።

ዕድሜም አይጠብቅም። የባዝራ የመፀነስ አቅም 15 ዓመት አካባቢ ስትደርስ እየቀነሰ ይሄዳል። በዚያ ዕድሜ የመጀመሪያ ውርንጭላዋን የምትፀንስ ደግሞ ይበልጥ ትቸገራለች። ስለዚህ እስከ 16 ወይም 17 ዓመቷ ልትወዳደር የታሰበች ባዝራ፣ በወጣትነቷ አንድ ውርንጭላ ብትወልድ ወይም ፅንስ ቢወሰድላት ይመረጣል። ከዚያ በፊት ማሕፀኗ ይመርመር። ምርመራው ቀኑ መርዘም ሳይጀምር ቢደረግ፣ ኢንፌክሽን ቢገኝ እንኳ ዑደቷ እስኪጀምር ለማከም ጊዜ ይኖራል።