«ጠዋት 2 ሰዓት» እና የቱል መግለጫ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኮምቦልቻ ውስጥ ለአንድ የጭነት አገልግሎት በቴሌግራም ትእዛዝ የሚቀበል ኤአይ ኤጀንት፣ ማለትም መልእክት አንብቦ ምን እንደሚሠራ ራሱ የሚወስን ፕሮግራም፣ ስንሠራ ከርመናል። ኤጀንቱ ሥራውን የሚሠራው በቱሎች (ሊጠራቸው በሚችላቸው ትንንሽ ፕሮግራሞች) ነው፤ አንዱ መኪና ይፈልጋል፣ አንዱ ዋጋ ያሰላል፣ አንዱ ጉዞ ይመዘግባል። እያንዳንዱ ቱል ምን እንደሚሠራ የሚናገር መግለጫ አለው። የመግለጫው ጥራት በምን ይለካል ሲባል ደሴም ኮምቦልቻም ካሉ ባልደረቦቼ ደጋግሜ የምሰማቸው ነገሮች አሉ። አብዛኞቹን እኔም አምን ነበር።

«መግለጫ ለፕሮግራመር የሚጻፍ ማስታወሻ ነው»

አይደለም። ሞዴሉ፣ ማለትም ኤጀንቱ የሚያስብበት ኤአይ፣ ከቱሉ ጀርባ ያለውን ኮድ አያይም። የሚያየው ስሙን፣ መግለጫውንና ቱሉ የሚቀበላቸውን ግብዓቶች ብቻ ነው። መቼ እንደሚጠራው፣ መቼ እንደሚተወው የሚወስነው ከእነዚህ ተነስቶ ነው።

«ሞዴሉ ጎበዝ ስለሆነ ራሱ ይገባዋል»

ብዙ ዋጋ የከፈልነው እዚህ ላይ ነው። ጉዞ የሚመዘግበው ቱላችን ስለ ሰዓት የሚለው «የመነሻ ሰዓት» ብቻ ነበር። አንድ ደንበኛ «ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ከኮምቦልቻ የሚነሳ ጭነት አለኝ» ብሎ ጻፈ። ኤጀንቱ 02:00 ብሎ መዘገበ፤ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት መሆኑ ነው። ሹፌሩ ከደሴ ተነስቶ የሐረጎን ጠመዝማዛ በጨለማ ወርዶ ሲደርስ የሚያስጭነው ሰው አልነበረም። ይህን ሳስብ ዛሬም ይከብደኛል።

ያው ሞዴል ስለ ኢትዮጵያ ሰዓት ሲጠየቅ በትክክል ያስረዳል። ቱሉ የትኛውን አቆጣጠር እንደሚፈልግ ግን ማንም አልነገረውም። አሁን መግለጫው እንዲህ ይላል፦ «ሰዓቱ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ይሰጥ። ደንበኛው በኢትዮጵያ ሰዓት ከተናገረ ቀይረው፤ ጠዋት 2 ሰዓት 08:00 ነው። ጠዋት ወይም ማታ ካላለ ሳትመዘግብ ጠይቀው።»

ቀኑም እንደዚሁ ነው። መስከረም 5 ሴፕቴምበር 5 አይደለም፤ ሴፕቴምበር 15 ነው፣ በየአራት ዓመቱ አንዴ ደግሞ 16። ክብደትም መለኪያው ካልተጻፈ ያው ነው፦ 40 ኩንታል እህል 4,000 ኪሎ ሆኖ መላክ ሲገባው 40 ብቻ ከተላከ፣ የሚሰላው ዋጋ የአንድ ሻንጣ ዋጋ ይሆናል።

«አንብቤዋለሁ፣ ግልጽ ነው»

ለእኔም ግልጽ ነበር፤ ሥራውን ስለማውቀው ያልተጻፈውን ከራሴ እየሞላሁ ነበር የማነበው። ሌላ ሞዴል ነጥብ እንዲሰጠው ጠየቅን፤ ያ ሰዓቱን ያሳተ መግለጫ ጥሩ ነጥብ አገኘ። አጻጻፉ የተጣራ ነበርና። ነጥብ ሰጪው ግን አንድም ጉዞ አልመዘገበም።

ጥራቱ የሚታወቀው ኤጀንቱ በመግለጫው ሲሠራበት ነው። ደንበኞች የጻፏቸውን መልእክቶች ሰበሰብን፣ ስምና ስልክ አጠፋን፣ ለእያንዳንዱ መልእክት በመጨረሻ መዝገቡ ላይ ምን መገኘት እንዳለበት በእጃችን ጻፍን። «ወደ አዲስ አበባ ዋጋው ስንት ነው?» የሚል መልእክት ጉዞ መመዝገብ የለበትም፤ እንዲህ ያሉ፣ ቱሉ መጠራት የሌለባቸው መልእክቶች ካልተካተቱ ፈተናው ግማሽ ነው። ሞዴሉ ለአንድ መልእክት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ምላሽ ስለማይሰጥ እያንዳንዱን ደጋግመን እናስኬዳለን። ስህተቶቹን ለየብቻ እንቆጥራለን፦ የተሳሳተ ቱል ጠራ፣ ቱሉ ልክ ሆኖ ግብዓቱ ተሳሳተ፣ መጠየቅ ሲገባው ገመተ። የሄደበትን መንገድ ግን አንቀጣም፤ ዋጋውን አስቀድሞ ቢያሰላም መኪናውን አስቀድሞ ቢፈልግም፣ መዝገቡ ልክ ከሆነ ልክ ነው።

ከመልእክቶቹ የተወሰኑትን መግለጫውን ስናስተካክል አናያቸውም፤ ለመጨረሻ እናስቀምጣቸዋለን። አለበለዚያ መግለጫው ለምናውቃቸው መልእክቶች ብቻ የተሰፋ ልብስ ይሆናል። አዲስ ቱል በተጨመረ ቁጥርም ሁሉንም እንደገና እንፈትሻለን። «ጭነት ፈልግ» ብቻውን ደህና ነበር፤ «መኪና ፈልግ» ሲጨመር ኤጀንቱ ሁለቱን ያምታታ ጀመር።

«ረዘም ሲል ይሻላል»

መግለጫው ከንግግሩ ጋር አብሮ ወደ ሞዴሉ ስለሚሄድ እያንዳንዱ ቃል ቦታ ይወስዳል። በተለይ የፊደላችን አንድ ሆሄ ኮምፒውተር ጽሑፍን በሚያስቀምጥበት ዩቲኤፍ-8 በተባለው ኮድ 3 ባይት ስለሚይዝ፣ በብዙ ሞዴሎች አማርኛ ከእንግሊዝኛ የበለጠ ቶከን (ሞዴሉ ጽሑፍን ከፋፍሎ የሚያነብበት ቁራጭ) ይበላል። ቃል መጨመር ያለበት ኤጀንቱ ሊያምታታ በሚችልበት ቦታ ላይ ነው።

«መግለጫ በእንግሊዝኛ ካልሆነ አይሠራም»

ይሠራል። እኛ ግን ደንቡን በእንግሊዝኛ፣ የደንበኛን አነጋገር የሚያሳዩ ምሳሌዎችን በአማርኛ ጽፈን በራሳችን መልእክቶች ስንፈትሽ የተሻለ ውጤት አግኝተናል። ለእናንተ የቱ እንደሚሻል መልእክቶቻችሁ ይንገሯችሁ።

«ማስጠንቀቂያ ከጻፍን ደህንነቱ ተጠበቀ»

«ሳታረጋግጥ አትሰርዝ» ብሎ መጻፍ ይረዳል፣ ቁልፍ ግን አይሆንም። ሞዴሉ አንድ ቀን ሊስተው ይችላል፤ መሰረዝ ያለ ሰው ፈቃድ እንዳይሆን ኮዱ ራሱ መከልከል አለበት። አንትሮፒክ በኖቬምበር 2024 ይፋ ያደረገው ኤምሲፒ የተባለው የግንኙነት ሥርዓት ሌሎች የሠሯቸውን ቱሎች በቀላሉ ማገናኘት አስችሏል፤ መግለጫቸውም አብሮ ይመጣል። በዚያ ውስጥ ለሞዴሉ የተደበቀ ትእዛዝ ሊኖር ይችላል። የሥርዓቱ ሰነድም ከታመነ ሰርቨር (ቱሉን ከሚያቀርበው ፕሮግራም) ካልመጣ በቀር ስለ ቱሉ ባህሪ የተጻፈው እንዳይታመን ይላል። ስለዚህ ከውጭ የመጣን መግለጫ ከማገናኘታችን በፊት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መስመር እናነበዋለን፤ በተሻሻለ ቁጥርም እንደገና።