ሃይድሮጂን ኤምብሪትልመንት ምንድን ነው? (ዝገት አይደለም!)

ሰሞኑን ጅማ አጂፕ አካባቢ አንድ ጋራዥ ቆሜ አንዱ የተበጠሰ ቡሎን መዳፉ ላይ ይዞ "ይሄ ሃይድሮጂን በልቶት ነው፣ ዝገት በለው" ሲል ሰማሁ፣ ስንቴ ነው ይሄን የምሰማው እናንተ! ቡሎኑ እኮ ዝገት የለበትም፣ ዚንኩ ያብረቀርቃል። ከጭንቅላቱ ስር ቀጥ ብሎ ተቆርጧል፣ ሳይሳብ ሳይቀጥን፣ የተሰበረው ፊት እንደ ስኳር ፍሬ ፍሬ ነው።

ዝገት ብረቱን ይበላል፣ ሃይድሮጂን ግን ምንም አይበላም፣ ገብቶ ይቀመጣል፣ ብረቱንም ተሰባሪ ያደርገዋል፣ ሃይድሮጂን ኤምብሪትልመንት የሚባለው ይሄ ነው። ቡሎን ዚንክ ሊለበስ አሲድ ውስጥ ሲነከር፣ ከዛም በኤሌክትሪክ ሲለበስ ሃይድሮጂን ይፈጠራል፣ ጥንድ ሆኖ ጋዝ ከመሆኑ በፊት ነጠላው አቶም ብረቱ ውስጥ ይሰርጋል። (እሺ፣ ዝገትም ራሱ ሃይድሮጂን ሊያመነጭ ይችላል፣ ግን ያ ሌላ ወሬ ነው።)

የኛን የጅማ በርጩማ አስቡት። ከእርጥብ ግንድ የተቀረጸ ስትገዛው ያምራል፣ ሳምንት ቆይቶ ማታ "ጧ!" ይላል። ቡሎኑም እንደዛው፣ አጥብቀኸው ትሄዳለህ፣ ከሰዓታት ወይ ከቀናት በኋላ ማንም ሳይነካው ጭንቅላቱ ይወድቃል፣ ምክንያቱም ሃይድሮጂኑ ቀስ እያለ ብረቱ በጣም ወደተወጠረበት ቦታ ይሰበሰባል። ምሳሌዬ ግን እዚህ ጋ ያነክሳል፣ እንጨቱ የሚሰነጠቀው ውሃው ሲወጣ ነው፣ ብረቱ ግን ሃይድሮጂኑ ሳይወጣ ሲቀር።

እዛው ጋራዥ "12.9 እኮ ነው፣ ከተሰበረ ፌክ ነው" ላለው ሰውዬ (12.9 የቡሎን የጥንካሬ ደረጃ ነው፣ ቁጥሩ ሲጨምር ቡሎኑ ይጠነክራል)፣ ተገላቢጦሽ ነው ጌታዬ። ተራው 8.8 ብዙም አይነካው፣ ብረቱ በጠነከረና በተወጠረ ቁጥር ነው የሚብስበት። ጆንሰን የሚባል ሰው ገና በ1875 እ.ኤ.አ. አሲድ የነካው ብረት ተሰባሪ እንደሚሆንና ቆይቶ እንደሚያገግም ጽፏል። የሚያገግመው ሃይድሮጂኑ ሲወጣ ነው፣ ለዛ ነው ፋብሪካ እንዲህ ያለውን ጠንካራ ቡሎን እንደለበሰ ወዲያው 200 ዲግሪ አካባቢ ለሰዓታት የሚጋግረው። ስንጥቁ አንዴ ከጀመረ ግን መጋገር ዋጋ የለውም። በነገራችን ላይ ጠንካራ ብረት የምትበይዱም፣ በዚህ በጅማ ዝናብ እርጥበት የያዘ ኤሌክትሮድ ያው የሃይድሮጂን ጣጣ ነው፣ አድርቁት።

የጋራዡ ልጅ "ታዲያ ቀሪዎቹን በኦክሲጅን ላሙቃቸው?" አለኝ። ኧረ በፈጠረህ! ነበልባሉ 200 ላይ አይቆምልህም፣ ጥንካሬውን ራሱ ያጠፋዋል። አውጥቶ መጣል ነው።