ድፍን ክብ ብረቶች፦ ዓይነታቸውና የኢንዱስትሪ አገልግሎታቸው

ክብ ብረት ውስጡ ድፍን፣ ውፍረቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል የሆነ ዘንግ ነው። ሻፍት (እየተሽከረከረ ኃይል የሚያስተላልፍ ዘንግ)፣ ፒን፣ ብሎንና ማርሽ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት ከእሱ ነው። መደርደሪያ ላይ ሲታይ ሁሉም አንድ ይመስላል፤ ጠባዩን የሚወስኑት ግን የተቀላቀሉበት ንጥረ ነገሮችና የተሠራበት መንገድ ናቸው።

በትኩስ የተዳመጠው ዓይነት ከ1100 እስከ 1200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ግሎ በሮለሮች መካከል ያልፋል። ሲቀዘቅዝ ገጹን ጥቁር ቅርፊት ይሸፍነዋል፤ ልኬቱም በጣም የተጠነቀቀ አይደለም። ዋጋው ግን ዝቅ ያለ ስለሆነ ለፍርግርግ፣ ለመልሕቅ ብሎንና በኋላ በቶርኖ ለሚላጥ ዕቃ ይመረጣል። በብርድ የተሳበው ደግሞ ከራሱ በጠበበ ቀዳዳ በኃይል ተጎትቶ ስለሚወጣ ገጹ ያብረቀርቃል፤ ልኬቱ ይስተካከላል፤ ጥንካሬውም ይጨምራል። ይህ ጥቅም ያለ ዕዳ አይገኝም። ሲሳብ የታመቀው ውጥረት ውስጡ ይቀራል፤ በአንድ ጎኑ ብቻ ቦይ ሲወጣለት ቀጥ ብሎ የነበረው ዘንግ ሊጎብጥ ይችላል። በዘይት ግፊት ለሚሠሩ ማንሻዎች የሚውለው ዘንግ ከዚህም አልፎ ገጹ በመሳያ ድንጋይ ለስልሶ በክሮም ይለበጣል፤ ሻካራ ገጽ የጎማ ማሸጊያውን እየበላ ዘይት ያስፈስሳልና።

ካርቦን ባላቸው ብረቶች በአሜሪካ አሰያየም ከሚሰጣቸው ባለ አራት አኃዝ ቁጥር የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች የካርቦኑን መጠን ይጠቁማሉ። 1018 በመቶ 0.18 ገደማ ካርቦን ስላለው ለመበየድ ይመቻል። 0.45 ያለው 1045 በእሳት ሊጠነክር ስለሚችል ለሻፍት ይውላል። ከባድ ጭነት የሚሸከሙ አክስሎችና ማርሾች ክሮሚየምና ሞሊብዲነም የተጨመረበትን 4140 ይፈልጋሉ።

ከአይዝጌ ብረቶች 304 በመቶ 18 ያህል ክሮሚየምና 8 ያህል ኒኬል አለው፤ የምግብ ማቀነባበሪያ መሣሪያዎች በብዛት የሚሠሩት ከእሱ ነው። 316 ከ2 እስከ 3 በመቶ ሞሊብዲነም ስለሚጨመርበት ጨዋማ ውኃን በተሻለ ይቋቋማል። 303 ድኝ ስላለበት በቶርኖ በቀላሉ ይቆረጣል፤ ለብየዳ ግን አይመከርም።

ከብረት ውጭ ክብደቱ የብረት ሲሶ የሆነው አሉሚኒየም ለቀላል ክፍሎች፣ መዳብ ለኤሌክትሪክ፣ ናስ ለቧንቧ መገጣጠሚያ፣ ነሐስ ሻፍት ለሚሽከረከርባቸው ቡሾች ያገለግላሉ።

ክብደት ማስላት ቀላል ነው፦ ዲያሜትሩን በሚሊሜትር ወስዶ በራሱ ማባዛት፣ ከዚያም ለ162 ማካፈል የአንድ ሜትር ብረትን ኪሎ ይሰጣል። 20 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው በሜትር 2.47 ኪሎ ይመዝናል። ውፍረቱ 40 ሲሆን ክብደቱ አራት እጥፍ፣ መጠምዘዝን የመቋቋም አቅሙ ግን ስምንት እጥፍ ያድጋል። የመጠምዘዝ ጫናው ከሁሉ በላይ የሚበረታው በገጹ ላይ ነው። በሻፍት ላይ የቀረች ጭረት እንደ ቀላል ነገር የማትታየውም ለዚህ ነው፤ ጫና ሲደጋገምበት ብረቱ ደክሞ የሚፈጠረው ስንጥቅ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከእንዲህ ዓይነት ቦታ ነው።

አቅራቢዎች ብዙውን ጊዜ የዘንጉን አንድ ጫፍ ቀለም ይቀቡታል፤ የቀለሙ ትርጉም ከአቅራቢ አቅራቢ ይለያያል። ብልህ ሠራተኛ ሲቆርጥ ካልተቀባው ጫፍ ይጀምራል፤ አለበለዚያ የሚተርፈው ቁራጭ ማንነቱ የማይታወቅ ብረት ይሆናል። መሳያ ድንጋይ ላይ ሲነካ የሚወጣው ፍንጣሪ የካርቦኑን ብዛት በግምት ያሳያል፤ ካርቦን የበዛበት ፍንጣሪው ቅርንጫፍ ያበዛል። 304ን ከ316 ለመለየት ግን ፍንጣሪም ማግኔትም አያስተማምንም፤ በኤክስሬይ ንጥረ ነገሮቹን የሚለይ መሣሪያ ወይም የኬሚካል ምርመራ ያስፈልጋል።