ቂምና ናርሲሲዝም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በድሬዳዋ ኩርፊያው ስለ ረዘመ ሰው ሲወራ «ናርሲሲስት ነው»፣ ማለትም ራሱን ከሌላው አብልጦ የሚያይና አድናቆትን የሚሻ ነው፣ የሚለው ፍርድ በከዚራም በመጋላም ሰፈር እየተለመደ መጥቷል። ቃሉ ጠቃሚ ነው፤ አብረውት የገቡት እምነቶች ግን መታረም አለባቸው።

«ቂመኛ ሁሉ ናርሲሲስት ነው።»
አይደለም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ናርሲሲዝምን እንደ ስብዕና መታወክ ያካተተው እ.ኤ.አ. በ1980 ሲሆን፣ ዛሬ ከሚሠራባቸው ዘጠኝ መለኪያዎች ቢያንስ አምስቱ መሟላት አለባቸው፤ ቂም ከዘጠኙ አንዱ አይደለም። ቂም በስሙ ተጠርቶ የሚገኘው ሰውን ያለ በቂ ምክንያት በሚያስጠረጥረው በፓራኖይድ የስብዕና መታወክ ሥር ነው።

«ቂሙ የጸናው በደሉ ስለ ከበደ ነው።»
«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ስለምንል ይህ አመለካከት ለማመን ይቀላል፤ በከፊልም እውነት አለው። ሆኖም የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ጁሊ ኤክስላይን ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተመችው ጥናት፣ የበደሉ ክብደትና የበዳዩ ጸጸት ከግምት ገብተው እንኳ፣ «ከሌላው የተለየ ክብር ይገባኛል» የሚለው ስሜት የበረታበት ሰው ይቅር ለማለት ይበልጥ ይቸገራል። ናርሲሲዝምን ከቂም ጋር የሚያያይዘው ዋናው ገመድ ይህ ይገባኛል ባይነት ይመስለኛል። ድሬ ደግሞ ለዚህ ጥሩ መፈተኛ ናት፤ አንቱታ እምብዛም በማይሰማባት በዚህች ከተማ፣ ከደጋ የመጣ ጎልማሳ ከፊራ ገበያ ውስጥ በልጁ ዕድሜ ያለ ነጋዴ «አንተ፣ ምን ፈለግህ?» ቢለው ይደነግጣል። ብዙው ሰው በሳምንቱ ይለምደዋል፤ አንዳንዱ ግን ያችን «አንተ» እንደ ዕዳ መዝግቦ፣ በዚያ ሱቅ ደጅ ላለማለፍ ለዓመታት ዙሪያውን ይሄዳል። ነጋዴው ምን እንዳጠፋ እንኳ አያውቅም።

«ናርሲሲስት የሚቆጣው ራሱን ስለሚንቅ ነው።»
የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ብራድ ቡሽማንና ሮይ ባውማይስተር እ.ኤ.አ. በ1998 ባቀረቡት ሙከራ፣ ለራስ የሚሰጥ ግምት ብቻውን ጥቃትን አልተነበየም፤ ከሁሉ የከፋውን ጥቃት ያሳዩት የናርሲሲዝም መጠናቸው ከፍ ያለና ስድብ የደረሰባቸው ናቸው፤ ያም በሰደባቸው ሰው ላይ ነበር። ይሁን እንጂ ናርሲሲዝም ሁለት መልክ አለው፤ አንዱ በግልጽ የሚኩራራ፣ ሌላው ዓይን አፋርና በትንሽ ነገር የሚቆስል ነው። ቁጣን እያብሰለሰለ የሚያቆየው ይበልጡን ሁለተኛው ስለሆነ፣ ቂሙን የምናጣው በጉረኛው ላይ ብቻ ስንፈልገው ነው።

«ሽማግሌ ከገባ ያልቃል።»
ለብዙ ሰው እውነት ነው። ይገባኛል ባይ ግን፣ በዚያው በ2004ቱ ጥናት እንደታየው፣ በደሉ እንዲካስለት አጥብቆ ይሻል፤ ስለዚህ ሽማግሌዎቹ «ተው፣ እርሳው» ከማለታቸው በፊት ምን ካሳ እንደሚፈልግ ቢጠይቁት ድካማቸው ይቀንሳል።